ሳላነብ የፈረምኩበት አስከሬን

በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት አንድ ነበር። እሱ አንዱ ወረቀት ሰፈራችንን ከነድንኳኑ፣ ከነጥሩምባ ነፊው ከቀብር መንገድ አውጥቶ ያላሰብነው በር ላይ አቆመን። ስትሰሙት መሳቃችሁ አይቀርም። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ሰፈሬም እስካሁን ስቆብኝ አልጠገበም።

ዘነበች እባላለሁ፤ ሰፈር ውስጥ እትዬ ዘነቡ ነኝ። አሰላ ተወልጄ አሰላ ያረጀሁ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጬ በታይፕ ጣቶቼን የጨረስኩ ሴት ነኝ። ጡረታ ስወጣ የእድራችን ጸሐፊ አደረጉኝ። ታይፒስት ሆኖ የኖረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ወረቀት ካየ ያነባል። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈውን አነባለሁ። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አነባለሁ። የሠርግ ጥሪ ሲመጣልኝ ከጀርባው ያለውን የማተሚያ ቤቱን ስም ሳይቀር አነባለሁ። ሰፈር ውስጥ ውል ያለው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል፤ «ዘነቡ አንብባዋለች» ከተባለ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርማል። እኔም በዚህ እኩራራ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። ሳያነብ የሚፈርም ሰው ሳይ «እጅህ ይሰበር!» ብዬ ነው የምቆጣው።

ጋሽ መላኩ ጎረቤቴ ነበሩ። ከጎጃም የባዮሎጂ መምህር ሆነው ተመድበው መጀመሪያ ጢቾ፣ ከዚያ አሰላ መጡና እዚሁ ቀሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ነጭ ጋዎናቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ አጥበው ያሰጡ ነበር። መነጽራቸው ሁልጊዜ በጣት አሻራ እንደተጨማለቀ ነው፤ በዚያ ውስጥ እንዴት እንደሚያዩ እግዜር ይወቅ። አንድ ቁጭት ነበራቸው። ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ሁሉ አንድም የሰው አጽም አልነበረውም። ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ያመጡትን የበግ አጥንት ጠረጴዛ ላይ እየደረደሩ ነው ያስተማሩት። «ዘነቡ፣ ዕድሜ ልኬን ስለ ሰው ልጅ በበግ ስዋሽ ኖርኩ» ይሉኝ ነበር። እኔም እስቃለሁ። ይሄ ቁጭት የት ድረስ እንደሚሄድ በምን ልወቅ?

አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ከከተማው ሳይነሳ ጥሩምባው ተነፋ። «እድርተኞች! መምህር መላኩ አርፈዋል! ቀብር ዘጠኝ ሰዓት!»

እንዴት እንደደነገጥኩ! ትናንት በአጥር ላይ ሰላም ብለውኝ ነበር። በእንቅልፋቸው ነው የሄዱት። መዝገቤንና ማኅተሜን ይዤ ሮጥኩ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ እንባቸው ደርቆ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ድንኳኑን እያስተከሉ የነበሩት ሊቀመንበራችን ኦቦ ቱፋ ናቸው። ኦቦ ቱፋ ዕድሜያቸውን ኮምባይነር ሲነዱ ስላሳለፉ ድምፃቸው ከሞተሩ በላይ እንዲሰማ ሆኖ ቀርቷል። በጆሮ የነገሩህን ምስጢር ጭላሎ ተራራ ላይ ያለ ሰው ይሰማዋል። ጉድጓድ ቆፋሪዎችን ልከዋል፣ የሬሳ ሣጥኑ ወጥቷል፣ ሁሉም በደንቡ መሠረት እየሄደ ነው።

አራት ሰዓት ላይ የጋሽ መላኩ ታናሽ ወንድም ጥላሁን ከኦጎልቾ ደረሰ። ጋሽ መላኩ ልጅ አልወለዱም፤ ጥላሁንን ከአገር ቤት አምጥተው ያሳደጉት፣ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አሁን እሱም ሽበት የጀመረው የሽንኩርት ነጋዴ ነው። ግን ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። ሁላችንንም አስለቀሰን።

አምስት ሰዓት ገደማ አንዲት ነጭ መኪና በራፉ ላይ ቆመች። ሻሽ ያሰረች፣ ቀጠን ያለች ወጣት ሴት ወርዳ እንደማንኛውም ለቀስተኛ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ወደ ኦቦ ቱፋ ቀረበች። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ዶክተር ሐናን እባላለሁ፤ ከሕክምና ኮሌጁ ነው የመጣሁት» አለች። «መምህር መላኩን ልንወስዳቸው ነው።»

«የት?» አሉ ኦቦ ቱፋ።

«ኮሌጅ።»

«ኮሌጅ ምን ያደርጋሉ? ሞተዋል እኮ!»

«አዎ አባባ፣ ስለሞቱ ነው።»

ዶክተሯ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ወረቀት ሳይ እኔን የሚያቆመኝ የለም። «ወዲህ በይው!» ብዬ ተቀበልኳት፤ መነጽሬን አደረግኩና ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ልክ እንደ ችሎት ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

«እኔ መላኩ፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ስሞት አስከሬኔ ለሕክምና ተማሪዎች መማሪያ እንዲሆን ፈቅጃለሁ...»

«በስመ አብ!» አለ አንዱ። «ሊቆራርጧቸው?» አለች ሌላዋ። ሁካታ ሆነ። እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ። «ቆይ፣ ቆይ! ለመሆኑ ይሄን ማን ነው የመሰከረው? ይሄን ዓይቶ የፈረመ እጁ ይሰበር!» አልኩና ወረቀቱን ገለበጥኩት። «ምስክሮች። አንደኛ ምስክር...»

ቆምኩ።

«ማነው?» አሉ ኦቦ ቱፋ።

«አይነበብም» አልኩ።

እኔ ዘነበች፣ የሐኪም ጽሑፍ ሳይቀር የማነበው ሴትዮ፣ አይነበብም አልኩ! ጥላሁን ተነስቶ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። «ይነበባል እንጂ። ዘነበች ይላል። ማኅተሙም የእድሩ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ኦቦ ቱፋ ኮምባይነራቸውን አስነሱ። «አንቺ ሴትዮ! የእድራችንን ሰው በማኅተም አሳልፈሽ ሰጠሽ? ሃያ ዓመት እድር ስመራ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም! ከዛሬ ጀምሮ ማኅተሙን አስረክቢ!»

«ሁለተኛ ምስክር» አለ ጥላሁን ገና ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «ቱፋ።»

ኦቦ ቱፋ ወረቀቱን ነጠቁት። «ማሎ! ማል ጄቴ? ምን አልክ? እኔ?» ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት። ፊርማቸው ነው፤ እንደ ኮምባይነር ጎማ ትልቅ ክብ፣ ማን ይስተዋል? «እኔማ... እሷ ከፈረመች አንብባዋለች ብዬ ነው!» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ዶክተሯ በለሰለሰ ድምፅ ነገሩን አስረዳች። ሰው በሕይወት እያለ ስለ ገዛ አካሉ በጽሑፍ ከወሰነ ቃሉ የራሱ ነው፤ ቤተሰብ የሚጠየቀው እሱ ምንም ሳይል ከሄደ ብቻ ነው አለች። ሐኪምም ሆነ እድር ባለቤት አይደለም።

«እድር ባለቤት አይደለም?» አሉ ኦቦ ቱፋ ተቆጥተው። «ታዲያ ይሄ ድንኳን የማን ነው?»

«ድንኳኑ የእናንተ ነው» አለች ዶክተሯ። ከዚያ ወደ ጥላሁን ዞረች። «ግን ቤተሰብ እየተጣላ፣ ምስክር እየካደ እኔ ሰው አልወስድም። ልቅሶ ቤት ገብቶ አስከሬን መንጠቅ ሥራዬ አይደለም። ምስክሮቹ 'እውነት ነው፣ አስበውበት ነው የፈረሙት' ካሉ እወስዳቸዋለሁ። ካላሉ ቅበሯቸው፤ እኔም ቆሜ አፈር አለብሳለሁ። እስከ ስምንት ሰዓት እጠብቃለሁ።»

ያን ጊዜ ነው እትዬ አስካለ ከጥጋቸው የተናገሩት። ጋሽ መላኩ ባለፈው ዓመት ሕመም ግማሽ ጎናቸውን ይዟቸው፣ ለጥቂት ወራት ስም እየጠፋባቸው ነበር። «ዘነቡ» አሉኝ፣ «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሲፈርም እሱ ራሱ ነበር? ወይስ ሕመሙ ነው የፈረመው? እሱ ከሆነ ይሂድ፣ አልከለክለውም። ሕመሙ ከሆነ ግን ባሌን ለማንም አልሰጥም።»

ጥላሁን ቀጠለ። «ይሄን የሚያውቅ አንብቦ የፈረመ ሰው ነው። እትዬ ዘነቡ፣ እርስዎ ሳያነቡ እንደማይፈርሙ አገር ያውቃል። አንብበውታል?»

አንባቢዎቼ፣ እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ። «አዎ» ብል ሁሉም ነገር ያልቃል። ስሜም ይተርፋል፣ የጋሽ መላኩም ቃል ይፈጸማል። ግን አላነበብኩማ! «የለም» ብል ደግሞ ወረቀቱ ዋጋ ያጣል፣ ጋሽ መላኩ ዘጠኝ ሰዓት አፈር ይገባሉ፣ በበግ ሲዋሹ የኖሩት ሰው ያሰቡት ሳይሞላ ይቀራል። ውሃ ጠማኝ ብዬ ወደ ድንኳኑ ዳር ወጣሁ። ኦቦ ቱፋ ተከተሉኝና በጆሮዬ «አዎ በይ! እኔንም ታስጥይኛለሽ!» አሉኝ። በጆሮዬ ነው ያሉት እሳቸው፤ ድንኳኑ በሙሉ ግን ሰማ። ሬሳው ካረፈበት ክፍል ሳይቀር ሳቅ ተሰማ።

ተመልሼ ቆምኩ።

«አላነበብኩም» አልኩ።

መነጽሬን አውልቄ ቀጠልኩ።

«አላነበብኩም። ሰላሳ ዓመት ሰው ስገስጽ ኖሬ እኔው ሳላነብ ፈረምኩ። የሆነው እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የሠርግ ሰሞን ነበር። የእድሩ ዕቃ ተመልሶ ስረከብ ድስቱ አሥራ ሁለት፣ ክዳኑ አሥራ አንድ ሆነብኝ። ዕቃውን ካመጡት ሰዎች ጋር እየተጯጯህኩ ነው። ጋሽ መላኩ ወረቀት ይዘው ገቡ። 'ዘነቡ፣ ምስክር ሁኚኝ' አሉኝ። 'ጋሽዬ፣ ክዳን ጠፍቶብኛል!' አልኳቸው። 'መጀመሪያ አንብቢው' አሉ። 'እርስዎን አላምንም እንዴ?' አልኩ። 'አንብቢው፣ ቀላል ነገር አይደለም' አሉ። 'ይስጡኝ እንግዲህ!' ብዬ ከእጃቸው ነጥቄ ፈረምኩ፣ ማኅተሙን ረገጥኩ፣ መለስኩላቸው።»

«ከዚያስ?» አሉ እትዬ አስካለ። አሁን ቀና ብለው ነበር።

«ከዚያማ አልሄዱም። ቆመው ድስቶቹን በጣታቸው ቆጠሩ። 'ያ ትልቁ ሁለት ክዳን ደርቧል' አሉኝ። ሄጄ ሳነሳው እውነትም ሁለት! መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው 'ማንበብ የነበረብሽን አላነበብሽም፣ መቁጠር የነበረብሽን አልቆጠርሽም፤ ከአሥር ሁለት' ብለውኝ ወጡ።»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ አስካለ ናቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ፤ ወዲያው ሳቁ ወደ ለቅሶ ተቀየረ። ጠዋት ሙሉ ያልወጣላቸው እንባ ያን ጊዜ ወረደ። «እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው!» አሉ። «ከአሥር ሁለት የሚሰጥ ሕመም የለም።»

ጥላሁንም እንባውን እየጠረገ ይስቅ ነበር። «እኔንም አሥረኛ ክፍል በገዛ ትምህርቱ ጥሎኛል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ውሸት ቢሆን ኖሮ 'አንብቤያለሁ' ይሉኝ ነበር እትዬ ዘነቡ። እርስዎ በሰው ፊት ከዚህ የበለጠ ምን ሊዋረዱ?»

አያችሁልኝ? ውርደቴ ነው ምስክር የሆነኝ።

እትዬ አስካለ ያልነገሩንን ነገሩን። ወደ ኮሌጁ የደወሉት እሳቸው ናቸው። ጋሽ መላኩ የዶክተሯን ቁጥር ቡፌው መስታወት ላይ ለጥፈውላቸው ነበር። ጎህ ሲቀድ ደወሉ፤ ከደወሉ በኋላ ግን ፈሩ።

ጥላሁን ግን አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። «ዶክተር፣ እኔ አባት አላውቅም፤ የማውቀው እሱን ነው። መቃብር ከሌለው የት ሄጄ ነው ጋሼ የምለው?» አለ።

«ትምህርቱ ሲያልቅ አጽማቸውን እንመልስላችኋለን። ትቀብሯቸዋላችሁ» አለች።

«በጽሑፍ!» አለ ጥላሁን።

«በጽሑፍ!» አሉ ኦቦ ቱፋም። ዶክተሯ ጻፈች። እኔ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ኦቦ ቱፋ አራተኛ አስደገሙኝ። ፈረምን።

ከዚያ የሆነውን ጠይቁኝ። የእድራችን ደንብ «ሟቹን እስከ መቃብር ማድረስ» ይላል። ኦቦ ቱፋ ቆመው አሰቡና «እንግዲህ እስከሚሄዱበት እናደርሳለን፤ የእድራችን ሰው በመኪና ብቻውን አይሄድም!» ብለው ወሰኑ። ጥሩምባ ነፊው ተጠራ። ምስኪኑ ምን ብሎ እንደሚለፍፍ ግራ ገባው፤ ትንሽ አመነታና ነፋው። «እድርተኞች! ቀብሩ ወደ ኮሌጅ ተዛውሯል!»

የንስሐ አባታቸው በቤተ ክርስቲያን ፍታቱን አደረሱ። «ጸሎቱ ለነፍስ ነው፤ ነፍሱን የሚወስድ ኮሌጅ የለም» ብለው ሕዝቡን አረጋጉ። የተቆፈረው ጉድጓድ ተደፍኖ ድንጋይ ተደረገበት። ከዚያ ሣጥኑን ተሸክመን፣ ጥላ ዘርግተን፣ ባጃጁም ጋሪውም እየቆመልን ወደ ኮሌጁ ወረድን። በሩ ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ።

«መታወቂያ የሌለው አይገባም።»

«የሟቹንም ነው?» አሉ ኦቦ ቱፋ።

ዘበኛው ሣጥኑን አየ፤ እኛን አየ፤ ባርኔጣውን አውልቆ በሩን ከፈተ። ግቢው ውስጥ ተማሪዎቹ ነጭ ጋዎን ለብሰው ግራና ቀኝ ተሰልፈው ቆመዋል። ማን እንደነገራቸው እንጃ። እትዬ አስካለ ከነጠላቸው ሥር የጋሽ መላኩን ጋዎን አውጥተው ሣጥኑ ላይ አነጠፉት፤ ባለፈው ቅዳሜ የታጠበ ነበር። ከዚያ ያንን የተጨማለቀ መነጽር ለዶክተሯ ሰጧት። «ይሄንንም ያዢለት። ያለሱ ተማሪ አያይም» አሏት። ዶክተሯ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ሌላ ሰው ነኝ። መኩራራቴ ወጥቶልኛል። አስፈርሙኝ የሚል ሲመጣ አሁን እኔ አላነብለትም፤ ራሱ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ። የእድሩን ደንብም አሻሽለናል፤ «እስከ መቃብር ወይም ሟቹ እስካዘዘበት» ይላል፣ እኔው ነኝ የተየብኩት። እናንተም ስለ ገዛ ሥጋችሁ ያሰባችሁት ነገር ካለ በቁማችሁ ጻፉት። ጽፋችሁም ቡፌ ላይ ብቻ አትለጥፉት፤ ለሚስት፣ ለባል፣ ለወንድም በአፋችሁ ንገሩ። ያን ቀን ጋሽ መላኩ ከመቃብር የተረፉት በሕጉ ብቻ አይደለም፤ በድስት ክዳንም ነው።

ሁለት ዓመት አልፎ ባለፈው ጥር ከኮሌጁ ተደወለ። እድሩ እንደገና ወጣ፤ ጥላሁን ከኦጎልቾ መጣ፤ ድንጋዩ ተነስቶ ጉድጓዱ ተከፈተ። ዶክተር ሐናን አንዲት ትንሽ ሣጥን በጋዎኑ ሸፍና አመጣችና የርክክብ ወረቀት ለእኔ ሰጠችኝ። ኦቦ ቱፋ ሕዝቡን ዝም አሰኙ። «ማንም አይንቀሳቀስ! ዘነቡ ታንብብ! ቀስ ብለሽ አንብቢ፣ አንቸኩልም!»

መነጽሬን አደረግኩ። «አንደኛ፣ የመምህር መላኩ አጽም፣ ሙሉ» ይላል። አነበብኩ። «ሁለተኛ፣ ጋዎን አንድ» ይላል። አነበብኩ። «ሦስተኛ፣ መነጽር አንድ» ይላል፤ ቀና ስል ዶክተሯ መነጽሩን ለእትዬ አስካለ እየሰጠቻቸው ነበር። ተማሪዎቹ ወልውለውታል። ያበራል። እትዬ አስካለ ወደ ፀሐይ አንስተው አዩበትና «በቁሙ እንዲህ ጠርቶለት አያውቅም» አሉ።

ከዚያ በኋላ አራተኛም አምስተኛም ነበረበት፤ ፊደሉ ግን በእንባ ተዋጠብኝ። ብጠርገው ይሞላል፣ ብጠርገው ይሞላል። ሰው ሁሉ ይጠብቀኛል። ምን ላድርግ? በዳበሳ ቦታውን ፈልጌ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሳላነብ ፈረምኩ።

እናንተ ግን አደራ፣ አንብባችሁ ፈርሙ።